አብሽሪ የማይባልበት ክፍል

ላቀው ከአዲስ አበባው የክረምት ኮርስ ከተመለሰ ወዲህ ሚስቱ ሸዋረግ ሁለት ጊዜ ጠበል ልትወስደው አስባለች። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛውን አሰበች። ነገሩ እንዲህ ነው። ከኩታበር የመጣ አንድ ነጋዴ የእህቷን የብርሀንነሽን ደብዳቤ ሰጥቷት ሄዶ ነበርና፣ ባሏ ቁርሱን ቀማምሶ ወደ ትምህርት ቤት ከመውጣቱ በፊት ፊት ለፊቱ ዱካ ላይ ተቀምጣ የደብዳቤውን ጉድ አንድ በአንድ ዘረገፈችለት። ብርሀንነሽ ሁለቱን ልጆቿን ልትልክ ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቷል፣ በሬዎቹ አልቀዋል፣ ለዘር የተቀመጠው ገብስ ሳይቀር ተበልቷል። እዚህ መካነ ሰላምስ ቢሆን ምን ተርፎ? ገብስ ቁናው ሦስት ብር ከሽልንግ ገብቷል፤ እሱም ዛሬ ከተገኘ ነው። የራሳቸው ሁለት ልጆች ትናንት ማታ ሳይጠግቡ ነው የተኙት፤ እሱ አላየም እንጂ እሷ አይታለች። ላቀው እጁን ከቆሎው ላይ አነሳ፣ ወደ ፊት ጎንበስ አለ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ስትጨርስ ቀስ ብሎ፣ «ነገሩ ከብዶሻል ማለት ነው» አላት።

ሸዋረግ ትክ ብላ አየችው። «ምን አልክ?»

«ከብዶሻል።»

«ከብዶኝ አይደል እንዴ የምነግርህ? ያገባሁት ሰው መስሎኝ፤ ለካ ገደል ማሚቶ ኖሯል።»

ደብዳቤውን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ የተሰማው የሷ የእቃ ኳኳታ ብቻ ነው። ላቀው የምትፈልገውን አጥቶት አይደለም። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈልገው፤ አብሽሪ። እሱ በተወለደበት በወረኢሉም ሆነ እዚህ በቦረና፣ ሰው ችግሩን ሲናገር ሰሚው አብሽር ሳይለው አያልፍም። እስላሙም ይላታል፣ ክርስቲያኑም ይላታል፣ ቄሱ እንኳ ሳያስበው ከአፉ ታመልጠዋለች። መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው አህያዬ ሞተችብኝ ቢል አብሽር ብሎ ነው የሚታለፈው፤ ዝም ብሎ ያለፈ እንደሆነ ከዚያ ሰው ጋር ጠብ አለው ማለት ነው። ቃሏ አፉ ድረስ መጥታ ነበር። ዋጣት። ዘንድሮ እንግዲህ ሥራው መዋጥ ሆኗል።

ይህን ያመጣው ኮርሱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጉሮሮው በጠመኔ ብናኝ ሲቆስልና ከሁለት ክፍለ ጊዜ በላይ መናገር ሲያቅተው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ አማካሪ የሚባል ሰው ይኑራችሁ ተብሎ ሲታዘዝ፣ ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ተላከ። ስምንት ሳምንት ተማረ። ያስተማሯቸው ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰውዬ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። አማካሪ አይዞህ አይልም፤ አይዞህ የተባለ ሰው የቀረውን አይናገርምና። አማካሪ እንዲህ አድርግ አይልም። አማካሪ እኔም እንዲህ ገጥሞኝ ነበር አይልም። ላቀው ሦስቱንም ደብተሩ ላይ ገልብጦ፣ ከአይዞህ አጠገብ በእርሳስ «አብሽርም ያው ነው» ብሎ በራሱ ጊዜ ጨመረበት። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት በመናገር እንጀራውን የበላ ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ዝም ማለት ሊማር ቁጭ አለ። ኮርሱ ደግሞ ገና አላለቀም፤ የሰማቸውን ሦስት ተማሪዎች ጉዳይ ጽፎ፣ ዳይሬክተሩ ማኅተም አድርገውበት፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ አዲስ አበባ መላክ አለበት። ሦስቱንም ከተቀበሉለት የምስክር ወረቀቱን ያገኛል፣ በቦታውም ይጸናል። ካልተቀበሉለት ከርሞ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ካለው ቅርንጫፍ ትምህርት ቤት፣ በዚያ ጉሮሮው፣ ከሦስተኛ ክፍል ጋር ይጮሃል።

የተሰጠው ክፍል ቀድሞ የካርታና የጠመኔ ማከማቻ ነበር። መስኮት የለውም፤ በሩ ሲዘጋ ይጨልማል፣ ሲከፈት ዓለም ሁሉ ያያል፤ ስለዚህ ገርበብ ነው የሚደረገው። ሁለት ወንበር፣ አንድ እግሯ የላላ ጠረጴዛ፣ በሰሜኑ በኩል የተሰነጠቀ ሉል። በሩ ላይ «የምክር ክፍል» ብለው የጻፉለት ጊዜ ነው ጣጣው የጀመረው። በዚህ አገር ልጅ ተመከረ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። የመጀመሪያው ተማሪ ቢተው የሚባል የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ገባ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ፣ ምንም ሳይባል መዳፉን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ላቀው እጁን መልሶ እስኪያስቀምጠው ድረስ ልጁ አርጩሜው ከየት በኩል እንደሚመጣ ነበር የሚጠብቀው። የሆነው ሆኖ ዝምታው ሠርቷል፤ መዋሸት አያስፈልግም። ቢተው በሁለተኛው ቀን ተቀምጦ፣ በክፍል የሚያንቀላፋው ሌሊት ከአያቱ ጋር የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እየዞረ ረሃብ ከቆላ ያመጣቸውን ሰዎች ሬሳ ሲለቅም ስለሚያድር መሆኑን ነገረው። ላቀው ይህን ልጅ ሁለት ዓመት አስተምሮታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ብሎታል። ስለዚህ ኮርሱ ከንቱ ነው ማለት አልሆነለትም፤ ይልቁንም ያሥራ ሁለት ዓመት ጩኸቱ አሳፈረው።

ሦስተኛዋ ሀጀራ ናት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ራሷ ነው በሩን አንኳኩታ የመጣችው። ስምንተኛ ክፍል፣ ዕድሜዋ አሥራ አምስት፣ ሰኔ ላይ አገር አቀፍ ፈተና የምትወስድ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወይም ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ። ሻሿን እየጎተተች ተቀመጠችና አባቷ ኅዳር ላይ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሥራ ፍለጋ እንደሄደ፣ ወሬው እንደጠፋ፣ ላሚቱ እንደተሸጠች፣ ሁለቱ ታናናሾቿ ደግሞ ማልቀስ ማቆማቸውን ነገረችው። ማልቀስ ማቆማቸው እናቷን አስፈርቷታል። አሁን ንጉሡ የሚባለው ሾፌር፣ ደሴ ያሉ ሰዎች ገረድ አምጣልን ብለውት ልጆች ይሰበስባል፤ መኪናው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል። ይህን ሁሉ አንዴም ሳታለቅስ ተናገረችና ቀና ብላ አየችው። ጠበቀች። ላቀውም እንደተማረው ዝም አለ። ከውጭ ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ ይሰማል። በመጨረሻ «አሁን ምን ይሰማሻል?» አላት። ሀጀራ ጥያቄው የገባት አልመሰለችም። «ምንም ጋሼ» አለች፤ ከዚያ «እሺ ጋሼ» አለች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና ወጣች። ላቀው ያኔውኑ ብዕሩን አነሳ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር፤ ሁለቱ ቀዳሚ ጉዳዮች ላይ አንዳንድ ቦታ አፉ አምልጦታል፣ ይህችኛዋ ግን እንከን አልነበራትም። በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጽፎ ከሁለቱ ጋር ለዳይሬክተሩ ለማኅተም ሰጣቸው።

ዛሬ እንግዲህ ትምህርት ቤት ሲደርስ ሰንደቁ ተሰቅሎ መዝሙሩ አልቋል። የሀጀራ ቦታ ባዶ ነው። ባዶ ቦታ በዚህ ዓመት ብርቅ ስላልሆነ ማንም አላነሳውም፤ መምህራኑ የሚያወሩት ስላለፈው ወር አድማና ስለ አዲሱ ካቢኔ ነው። የትኛው ሚኒስትር ወረደ፣ የትኛው ታሰረ፣ ደመወዝ ይጨመራል አይጨመርም። ላቀውም ሌላ ቀን ቢሆን አብሯቸው ያወራ ነበር። ዛሬ ግን የጠዋቱን የሸዋረግን ነገር እያሰበ በቢሮው መስኮት ሥር አልፎ ወደ ክፍሉ ሲሄድ የዳይሬክተሩን የአቶ ገበየሁን ድምፅ ሰማ። ለጸሐፊው እያነበቡ ያስጽፉ ነበር።

«ሀጀራ ሰይድ። ስምንተኛ ለ። ያቋረጠችበት ምክንያት፣ በራሷ ውሳኔ።»

«እርሃብ አንበል ጌታዬ?» አለ ጸሐፊው።

«እርሃብ የሚል ቦታ ቅጹ ላይ አለ? ሕመም፣ ዝውውር፣ በራስ ውሳኔ። ይኸው ነው። ደግሞ የሷ ማስረጃ አለው፤ አማካሪው አነጋግሯታል።»

ላቀው ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሳያንኳኳ ገባ። አቶ ገበየሁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከመስከረም ወዲህ አርባ ሦስት ስም ሰርዘው እያንዳንዱን ሲሰርዙ መነጽራቸውን አውልቀው የሚጠርጉ፣ አድማውም መንግሥቱም ያደከማቸው ሰው ናቸው። ሲያዩት ፈገግ አሉ። «ና፣ ና። ማኅተሙን መትቼልሃለሁ። ሦስተኛዋ በተለይ ግሩም ናት፤ እናትየዋ ጠዋት መሸኛ ልትጠይቅ ስትመጣ ሥራ አቀለልክልኝ።» ወረቀቱን አንስተው የመጨረሻዋን መስመር አነበቡለት። «ተመካሪዋ ጉዳይዋን በራሷ አንደበት ከገለጸች በኋላ፣ ያለ አማካሪው ግፊት ራሷ ውሳኔ ላይ ደርሳለች።» የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ የራሱ ነጠላ ሰረዝ ነው። ትናንት ሲጽፋት እንዴት ያለች ጥሩ አረፍተ ነገር መስላው ነበር።

«እኔ እንደዚያ ማለቴ አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምን ማለትህ ነው?»

ትናንት ልጅቷ ወሰነች ያለው ደብተሩ እንዲያ በል ስላለው ነው እንጂ ልጅቷ ስትወስን አላየም፤ ያየው እሺ ብላ ወንበር ስትመልስ ነው። እጁን ዘርግቶ «ሦስተኛዋን ይስጡኝ» አለ። አቶ ገበየሁም፣ «ማኅተም የተመታበት ወረቀት ነው፣ ሁለት ጉዳይ ብቻ ብትልክ አይቀበሉህም፣ ከርሞ ቅርንጫፉ ነው የሚጠብቅህ» አሉት። «አውቃለሁ» አላቸው። ወረቀቱን አራት አጥፎ ከካፖርቱ ኪስ ከተተና ወጣ። ይህን ሲያደርግ ጀግና የሆነ አልመሰለውም።

የሀጀራ እናት የሀሊማ ቤት ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ነው። ላቀው ሲደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ከመስጊዱ አጥር ሥር ከቆላ የወጡ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሲያልፍ እጃቸውን እንኳ አልዘረጉም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መደቡ አለ፣ ምሰሶው አለ፣ ሌላው ሁሉ አልቋል፤ ሳጥን የነበረበት መሬት አራት ማዕዘን ሆኖ ከሌላው ይለያል። ሁለቱ ሕፃናት መደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎላቸው ተኝተዋል። ሀሊማ ቀይ ረጅም ሴት ናት፤ ቀድሞ ገበያ ላይ ቅቤ ስትሸጥ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። አሁን ተነስታ፣ «ይግቡ መምህር፣ አህለን። መቀመጫውን ሸጥነው እንጂ እናስቀምጥዎ ነበር» አለችው። ሀጀራ ልብሷን ጠቅልላ ቀድማ መኪናው ጋ ሄዳለች። ቦታ እንዳይሞላባት ብላ ነው።

«እትዬ ሀሊማ፣ ለምን ሰደዷት? ፈተናው እኮ ሦስት ወር ነው የቀረው።»

ሀሊማ ገርሟት አየችው። «እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለች። ከዚያ በዝግታ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው አድርጋ ነገረችው። «እኔ ልቤ ሁለት ሆኖብኝ ሦስት ቀን ውዬ አደርኩ፤ ወላሂ። ልስደዳት ስል አንጀቴ እምቢ ይለኛል፣ ላስቀራት ስል እነዚህን አያለሁ። በመጨረሻ ሂጂና መምህሩን አማክሪ አልኳት። የተማሩ ሰው ናቸው፣ ራዲዮ ይሰማሉ፣ የመጣውንም የሚመጣውንም እህል ያውቃሉ። አብሽሪ ካሉሽ እንቆያለን፤ አንድ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው። ዝም ካሉሽ ግን በቃ፣ የለም ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ሰደድኳት። መጥታ፣ እማ፣ ዝም አሉ አለችኝ። አልተቆጡሽም? አልኳት። የለም፣ በደንብ አድርገው አዩኝ፣ ዝም አሉ፣ ጻፉ አለችኝ። ለሞተ ሰው ነው እኮ መምህር እንዲህ ዝም የሚባለው።»

ላቀው ሥራው እንደዚያ መሆኑን ሊያስረዳት ሞከረ። ኮርስ እንደሄደ፣ አማካሪ ሲሰማ ዝም ማለት እንዳለበት፣ ዝምታው ልጅቷ የልቧን እንድትናገር መሆኑን። ሀሊማ አክብራ ሰማችው፤ እየሰማችም የትንሹን ልጅ አፍንጫ በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ሲጨርስ «የልቧንማ ተናገረችዎት» አለች። ነገር ፍለጋ አይደለም፤ እውነቱን ነው ያለችው። ላቀው ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። አሁን አብሽሩ ቢላት ምንድን ነው? በዚህች ቤት ውስጥ ያቺ ቃል እህል ሆናለች። ዝናብ መምጣቱን አያውቅም፣ እርዳታ ይመጣል ሲባል ከጥቅምት ጀምሮ ሰምቷል፣ ራዲዮውም ሌላ ነው የሚያወራው። አብሽሩ ካለ በገዛ ጎታው ነው የሚለው፤ ጎታው ደግሞ የሸዋረግ ነው። «መኪናው ሳይነሳ እመጣለሁ፤ እርስዎም እዚያ ይጠብቁኝ» ብሏት ወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ሸዋረግ ደጃፉ ላይ ገብስ ታበጥራለች። የጠዋቱ ኩርፊያ አልወጣላትም፤ ቀና ብላ ሰዓቱን እንዳሰበች ያስታውቃል፣ ግን ለምን በጊዜ መጣህ አላለችም። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የሀጀራን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት፤ ወረቀቱን ከዳይሬክተሩ መውሰዱንም፣ ከርሞ ቅርንጫፍ ሊወረወር መቻሉንም ሳይደብቅ። ስትሰማ ሰፌዱ ቆመ። ሁለቱም ገብሱን ያያሉ፤ ከምኑ ጋር እንደሚቀላቀል፣ ስንት ቀን እንደሚሄድ ሁለቱም በሆዳቸው ይቆጥራሉ። ከዚያ ሸዋረግ ራሷን ነቅነቅ አደረገችና ድምፁን አስመስላ፣ «ነገሩ ከብዶሃል ማለት ነው» አለችው።

«አዎ» አለ። «ከብዶኛል።»

ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «እኛ አራት ነን። የብርሀንነሽ ሁለት መምጣታቸው አይቀርም፤ ስድስት። እሷ ሰባት።» ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አምጣት። እስከ ፈተናው ከልጆቼ ጋር ትብላ፤ የበሉትን ትብላ። ግን አንድ ነው ላቀው። ከዚያች ልጅ በላይ በዚህ በር አንድ ሰው ብታስገባ የራሴ ልጆች ናቸው ማልቀስ የሚያቆሙት። ልቤ ከፍቶ አይደለም።»

«ልብሽንማ አውቃለሁ» አላት። «አብሽሪ።»

ሸዋረግ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ ነካ አደረገች። «ይቺን ቃል አዲስ አበባ ጥለሃት የመጣህ መስሎኝ» አለች፤ ከዚያ ሂድ፣ መኪናው ያመልጥሃል ብላ ገፋችው።

ኤን ትሬው፣ የሾፌሩ የጭነት መኪና፣ ከገበያው በላይ ካለው ሜዳ ላይ ቆሟል። ንጉሡ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይዞራል። ከላይ ከባዶ የጨው ጆንያ ጋር ስድስት ሰባት ልጃገረዶች ጥቅልላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ከታች እናቶቻቸው ቆመዋል። ወሬ የለም። አንዳንዷ የልጇን እግር በጣውላው ክፍተት ይዛለች። ሀጀራ ጥግ ላይ ናት፤ ሀሊማ ደግሞ ከሥሯ ሆና ላቀው የሚመጣበትን መንገድ ታያለች። ላቀው ሮጦ ስለመጣ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆመ። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ፊት ሲናገር ኖሮ፣ አሁን አንዲት ቃል ለመናገር ምራቁን ዋጠ።

«አብሽሩ» አላቸው፤ እናቲቱንም ልጅቷንም።

ሀሊማ ወዲያው አልተደሰተችም። «በማን ቤት?» አለችው።

«በእኔ። ሸዋረግ አምጣት ብላኛለች። እስከ ፈተናው እኛ ዘንድ ትበላለች፣ እኛ ዘንድ ታድራለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ትንንሾቹን ግን አልቻልኩም።»

ሀሊማ መሬቱን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ዱዓ ይሁን ሌላ አልተሰማም። ከዚያ እጇን ወደ ላይ፣ ወደ ልጇ ዘረጋች። ሀጀራ ግን አልተነሳችም፤ ከላይ ሆና ላቀውን ታየዋለች። የትናንት ዓይኗ አይደለም። «ትናንትስ ጋሼ?» አለችው። ተግሣጽ አልነበረውም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው። ላቀው አሥር መልስ መጣለት፤ ኮርሱ፣ ሦስቱ ሕጎች፣ የጉዳዩ ዘገባ። «ትናንት እየተማርኩ ነበር» አላት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችበት። ተማሪ ስለሆነች ሳይገባት አልቀረም። ጥቅልሏን ለእናቷ አቀበለችና ጣውላውን ተሻግራ ወረደች፤ መሬት ስትረግጥ ሀሊማ ደገፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ። ላቀውም ደስ አለው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ያገኘው ደስታ ነበር፣ አላፈረበትም። ንጉሡ ደግሞ ከወዲያ ሆኖ «እንግዲህ አንድ ቦታ ተከፈተ፤ የምትወጣ ትውጣ» አለ።

ይህን ሲል አንዲት ሴት ከእናቶቹ መሀል ወደ ላቀው መጣች። ልጇን በክንዷ ይዛታለች። ላቀው ሴትዮዋን አያውቃትም፤ ልጅቷን ግን ያውቃታል። በለጡ ናት፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ እጇን ከደረቷ በላይ የማታነሳ፣ የምክር ክፍሉን በር አንድ ቀን እንኳ ያላንኳኳች።

«መምህር» አለች ሴትዮዋ፣ «እንደምን ዋሉ። አስቻለች እባላለሁ። ይቺም የእርስዎው ተማሪ ናት፤ ካርታ ላይ ዓባይን አሳይታኛለች። ለሀሊማ ያሏትን ሰማሁ። እኔንስ ምን ይሉኛል?»

ከመኪናው ሥር ያሉት እናቶች ሁሉ ዘወር አሉ። ላይ ያሉት ልጆችም። ላቀው አፉን ከፈተ። ከስምንት ወር በፊት ቢሆን ምን ችግር አለው፣ አብሽሪ ብሎ ያልፋት ነበር፤ ከተማው ሙሉ ቀኑን ሙሉ ሲባባለው የሚውል ቃል አይደል? ቄሱም ሼሁም፣ ሾፌሩ ንጉሡ ራሱ ልጆቹን ሲጭን አብሽሩ ብሏቸዋል። ደብተሩ ላይ ያለውም ጥያቄ ነበረለት፤ ምን ይሰማዎታል ቢላት አዲስ አበባ ያሉት ሰውዬ ራሳቸውን ነቅንቀው ይቀበሉት ነበር። ሁለቱንም ምላሱ ላይ አገኛቸው። ሸዋረግንም በሐሳቡ አያት፣ ሰፌዱን መሬት ላይ ስታስቀምጥ፣ ሰባት ስትል። ሴትዮዋ ዓይኑን ታየዋለች። እሱም ዓይኑን አላሸሸባትም፤ ቢያንስ ይህን ተምሯል።

ዝም አላት።

አስቻለች ጠበቀች። ሀጀራ ትናንት ከጠበቀችው እጅግ ያነሰ ነው፤ አሁን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አላስፈለጋትም። «እሺ መምህር» አለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ።» ልጇን ይዛ ወደ ኤን ትሬው ዞረች። ጣውላው ከፍ ያለ ነው፤ በለጡ አንድ እግሯን ጎማው ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ ሞክራ አልቻለችም። እናቷም አቅም አልነበራትም። ላቀው ሄዶ ከታች ደገፈና አወጣት።